ሠፈራችንን በአራት ቀለም

ከእኛ ከተማሪዎች መካከል ሥዕል የሚወድ ብዙ ነው፤ ነገር ግን «ቀለሙ ሳይሟላልኝ በምን እሥላለሁ?» እያለ እጁን አጣጥፎ የሚቀመጠውም ብዙ ነው። እኔ በበኩሌ ይህን ምክንያት አልቀበለውም። ከቤቱ ወጥቶ ሠፈሩን ለመሣል ለሚሻ ተማሪ አራት ቀለም ይበቃዋል፤ እነርሱም ነጭ፣ ጥቁር፣ አፈር የሚመስል ቢጫና ደማቅ ቀይ ናቸው።

ይህ አሳብ ከእኔ የመነጨ አይደለም። ከ1860 እስከ 1920 እ.ኤ.አ. የኖረው ስዊድናዊው ሠዓሊ አንደርስ ዞርን ስሙ ከእነዚሁ አራት ቀለሞች ጋር አብሮ ይነሣል። ምሥጢሩ በመደባለቁ ላይ ነው። ጥቁርና ቢጫ ሲዋሐዱ የባሕር ዛፍ ቅጠል የሚመስል የደበዘዘ አረንጓዴ ይሰጣሉ። ጥቁርና ነጭ ሲደባለቁ የሚገኘው ግራጫ፣ ከቀይና ከቢጫ አጠገብ ሲውል ለዓይን ሰማያዊ መስሎ ይታያል። ቀይና ቢጫ ጥቂት ጥቁር ሲጨመርባቸው የዛገ ቆርቆሮ ይሆናሉ። እንግዲህ የአዲስ አበባ አሮጌ ሠፈር ከጭቃ ግድግዳ፣ ከዛገ ቆርቆሮ፣ ከባሕር ዛፍና ከክረምት ደመና በቀር ሌላ ምን አለው?

ደግሞም ውጭ ሆኖ የሚሥል ሰው ጊዜ የለውም። ጧት ሦስት ሰዓት ላይ በግድግዳው የተጋደመው ጥላ አራት ሰዓት ሳይሞላ ቦታውን ይለቃል። ቀለሙ የበዛበት ሰው ሲመርጥ ፀሐይዋ ትቀድመዋለች፤ አራት ብቻ የያዘ ግን ዓይኑ ብርሃኑንና ጥላውን መለየት ይማራል።

እርግጥ ነው፣ ሰማያዊና ነጭ የተቀባው ሚኒባስ ሲመጣ አራቱ ቀለሞች አይደርሱበትም። ይሁን እንጂ ሚኒባሱ ያልፋል፤ የሚያሳስበኝ ቤቱ ነው። ቤትም ቢሆን እንደማይቆይ በ2016 ዓ.ም. በፒያሳ አሮጌ ቤቶች ሲፈርሱ ሁላችንም አይተናል። ከተማ መታደሱን አልቃወምም፤ ዝናብ የሚያፈስ ጣሪያ ለነዋሪው ጌጥ አይደለምና። ነገር ግን የኖርንበትን ሠፈር ሳናየው ሊያልፍብን አይገባም።

«ፎቶግራፍ ይበቃል» የሚሉኝ አሉ። ፎቶግራፍ በቅጽበት ያልቃል፤ ያነሣውም ሰው ወዲያው ይሄዳል። ሥዕል ግን አንድ ሰዓት ያስቆማል። በጉለሌ በር ላይ ቁጭ ብዬ ስሥል የሠፈሩ እናቶች ቀርበው፣ ያ የተደፈነው መስኮት የማን ሱቅ እንደ ነበረ፣ በዚያ አጥር ሥር ምንጭ እንደ ነበረ አጫውተውኛል። ይህን ፎቶግራፍ አንሥቼ ብሄድ ኖሮ ባልሰማሁት ነበር።

ስለዚህ መምህሮቻችን በወር አንድ ቅዳሜ ከትምህርት ቤቱ ቅጥር ውጭ እንድንሥል እንዲፈቅዱልን እለምናለሁ። ወላጆቻችንም ሥዕልን የሥራ ፈት ጨዋታ አድርገው እንዳያዩብን አደራ እላለሁ። እናንተም ጓደኞቼ፣ ቀለም እስኪሟላ አትጠብቁ፤ ቀለሙ ሲሟላ ሠፈሩ ላይኖር ይችላልና።