የአዘጋጁ ማስታወሻ፦ ከትዕግሥት እስከ አሸነፈች

የሴት ስሞቻችን ሴትን ለመታገሥና ለጌጥነት ብቻ ያጯታል የሚል ክስ ተደጋግሞ ይነሣል። ትዕግሥትን፣ አልማዝንና ብርቱካንን ብቻ ለቆጠረ እውነት ይመስላል። ይህ እትም ግን በላይነሽ፣ አየለች፣ አሸነፈች፣ የሺእመቤት በሚሉት ላይ ያተኩራል፤ ልጅቱን ገና ከአራስ ቤት የበላይ፣ አሸናፊና አዛዥ የሚያደርጉ ስሞች ናቸውና። (ለነገሩ ትዕግሥቱ የተባለ ወንድም ሞልቷል።)

ስም መሬት አያወርስም፣ ሥልጣንም አይሰጥም የሚል ተቃውሞ ይኖራል። ትክክል ነው። እርግጥ፣ በስሟ ዘውድን የያዘችው ንግሥት ዘውዲቱ ከ1909 እስከ 1922 ዓ.ም. ነገሠች፤ ስም ዕጣ ነው ለማለት ግን አንዲት ንግሥት አትበቃም። እኛም የምንከራከረው ስለ ዕጣ አይደለም፤ ስለ ምኞት ነው። ሴት ልጁን አሸነፈች ያለ ወላጅ፣ ኑሮ ባይፈቅድለት እንኳ፣ ዝምታዋን ብቻ አልተመኘም።