ክርክሩ እስኪጣራ ቦታው ይቆይ

በአሜሪካ በመሪ ለሚተዳደር ሰው የሥራ በር የሚከፈተውም የሚዘጋውም በመንጃ ፈቃድ ታሪኩ ነው። ይህን ታሪክ ለቀጣሪው የሚያቀርበው አብዛኛውን ጊዜ መረጃ አጣርቶ የሚሸጥ ድርጅት ነው፤ ስህተትም እዚያ ይገባል። ኢንሹራንስ በመቋረጡ ታግዶ የነበረ ፈቃድ፣ ባለቤቱ ጣጣውን ጨርሶ ካስመለሰው በኋላም «የታገደ» እንደተባለ ሊቆይ ይችላል። የሌላ ሰው ቅጣት በስሙ ሊመዘገብበትም ይችላል። በዚህ በኩል የእኛ ሰው ይበልጥ የተጋለጠ ይመስለኛል። የቤተሰብ ስም የሚባል ነገር ስለሌለን አንዱ ሰነድ በአባት፣ ሌላው በአያት ስም ያበቃል፤ ኃይለ ሚካኤል አንዴ ተገጥሞ፣ አንዴ ተነጣጥሎ ይጻፋል፤ የልደት ቀኑን በትክክል የማያውቅ ስደተኛም ብዙ ጊዜ ጃንዋሪ 1 ተብሎ ይመዘገባል። ስምን ብቻ ማመሳሰል የት እንደሚያደርስ ደግሞ በ2021 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የወሰነው የትራንስዩኒየን ጉዳይ አሳይቷል። ነገሩ የብድር ሪፖርት ቢሆንም፣ የስም መመሳሰል ብቻ 8,185 ከሳሾችን ከሽብርተኞችና ከዕፅ አዘዋዋሪዎች መዝገብ ጋር አነካክቷቸው ነበር።

ሕጉ ነገሩን ጨርሶ አልዘነጋውም። በ1970 የወጣው ፌር ክሬዲት ሪፖርቲንግ አክት፣ ስሙ ብድርን ብቻ የሚመለከት ቢያስመስለውም፣ የሥራ ማጣሪያንም ይገዛል። ቀጣሪው በሪፖርቱ ምክንያት ሰውን ከመከልከሉ በፊት አብዛኛውን ጊዜ ቅጂውን መስጠት አለበት፤ አመልካቹ ስህተት አለ ካለም አጣሪው በአብዛኛው በ30 ቀን ውስጥ መርምሮ ማረም ይገባዋል። ጉድለቱ ሁለቱ ግዴታዎች አለመገናኘታቸው ነው። ቅጂውን የሰጠ ቀጣሪ ስንት ቀን እንደሚታገስ ሕጉ በቁጥር አልወሰነም፤ በልማድ አምስት የሥራ ቀን ይበቃል ይባላል። እርማቱ በሃያኛው ቀን ሲደርስ መኪናውን ሌላ ሰው ይዞት ሄዷል። ስለዚህ ክርክር የቀረበበት ሪፖርት እስኪጣራ ድረስ ቀጣሪው ቦታውን እንዲያቆይ በሕግ ሊገደድ ይገባል።

ቀጣሪዎች ሁለት መቃወሚያ አላቸው። አንደኛው የደኅንነት ነው፤ ቀላልም አይደለም፤ ብቃት የሌለው ሾፌር ሰው ቢገጭ የሚከሰሰው የቀጠረው ድርጅት ነውና። ነገር ግን አጠራጣሪ ሰው መሪ ይያዝ ያለ የለም፤ የተጠየቀው ቦታው እንዲቆይ ብቻ ነው። ሁለተኛው፣ መኪና ወር ሙሉ ቆሞ አይከርምም የሚለው ነው። እውነት ነው፤ ግን ወር መፍጀት የለበትም። በብዙ ክፍለ ግዛቶች አሽከርካሪው የራሱን ታሪክ በመጠነኛ ክፍያ ከመንጃ ፈቃድ መሥሪያ ቤቱ (ዲኤምቪ) ድረ ገጽ ያወጣል። ሐሰተኛ ወረቀት የሚፈራ ቀጣሪም በፈቃዱ ቁጥር በራሱ በኩል ሊያረጋግጥ ይችላል። ለአንድ ቀን ሥራ ሰላሳ ቀን የሚጠበቀው አጣሪው ድርጅት ብቻ እንዲመረምር ስለተተወ ነው።

ሕጉ እስኪሻሻል ድረስ የሾፌሩ መከላከያ ጥድፊያ ነው። ከማመልከቱ በፊት ታሪኩን አውጥቶ ማየት፣ እገዳው የተነሳበትን ደብዳቤ አለመጣል፣ አቤቱታውንም በጽሑፍ ማድረግ ይኖርበታል። ስህተቱ የመጣው ከዲኤምቪ መዝገብ ከሆነ እዚያው ማሳረም ያስፈልጋል፤ አለበለዚያ አጣሪው ያረመው በሚቀጥለው ማመልከቻ ተመልሶ ይመጣል። የጭነት መኪና ሾፌር ደግሞ በፌዴራሉ መዝገብ ላይ የሰፈረበትን የተሳሳተ የፍተሻ ወይም የአደጋ መረጃ የሚከራከረው ዳታኪውስ በሚባለው ሥርዓት ነው።