የባለጸጎች ልብስና ያልተሣሉት እጆች

ስለ ሆላንድ ሥዕል የሚጽፉ ሰዎች አንድ ልማድ አላቸው። የሬምብራንትን ወይም የፍራንስ ሃልስን የሰው ምስል ባዩ ቁጥር ስለ ብርሃንና ጥላ፣ ስለ ነፍስም ጥልቀት ይተርካሉ፤ ስለ ልብሱ ግን ከአንድ ዐረፍተ ነገር አያልፉም። እኛ ይህን አንቀበልም። ከሸራው የሚበዛውን ስፍራ የያዘው ፊት ሳይሆን ጨርቅ ነውና።

ሬምብራንት እ.ኤ.አ. በ1662 የሣለውን፣ በአምስተርዳም ራይክስሙዚየም የሚታየውን የጨርቅ መርማሪዎች ሥዕል እንመልከት። አምስት ሹማምንት ጥቁር ለብሰው፣ ባርኔጣቸውን እንደ ደፉ በጠረጴዛ ዙሪያ ተሰብስበዋል። ስድስተኛው አገልጋይ ነውና ራሱን ገልጦ ከኋላ ቆሟል። የሹማምንቱ ሥራ የተቀለመውን የሱፍ ጨርቅ ጥራት መመርመር ነበር። ፈታዩ፣ ሸማኔውና ቀላሚው ግን በሥዕሉ ውስጥ የሉም። ዳኞቹ ይታያሉ፤ የተዳኙት አይታዩም። ባርኔጣ እንኳ ማዕርግን በሚናገርበት ሥዕል ፊት ቆሞ ስለ ነፍስ ብቻ ማውራት ምን የሚሉት ማስተዋል ነው?

ጥቁሩ ልብስ የትሕትና ምልክት ነው የሚሉም አሉ። እጅግ ውድ ትሕትና! የማይደበዝዝ ጥቁር ለማውጣት ጨርቁ ደጋግሞ በቀለም መነከር ነበረበት። ቀደም ባሉት ሥዕሎች የምናየው እጥፍጥፍ ነጭ አንገትጌም ከተልባ እግር ተፈትሎ፣ ተሸምኖ፣ በሃርለም ዳርቻ በአመድ ውሃና በአሬራ እየተዘፈዘፈ፣ በሜዳ ላይ በፀሐይ እየተሰጣ የነጣ ጨርቅ ነው። ከዚያም አጣቢዋ በስታርች አድርቃ በጋለ ብረት ታጥፈዋለች። ይህን ያጠለቀ ሰው ጎንበስ ብሎ መሥራት አይችልም፤ የሚያጠልቀውም ይህንኑ ለማሳየት ነው።

«ሠዓሊው የሚሥለው የከፈለውን ነው» ይሉን ይሆናል። እውነት ነው፤ ፍራንስ ሃልስ ራሱ የጨርቅ ሠራተኛ ልጅ ሳለ የሣለው ባለጸጎችን ነበር። ነገር ግን ተመልካቹን ማን ከፈለው? በላይደን ከተማ ኢሳቅ ፋን ስዋነንቡርግ በ1594 እና በ1612 መካከል ሱፍ ሲታጠብ፣ ሲፈተልና ሲሸመን ሥሏል። ሥዕሎቹ የተሠሩት ለጨርቅ መቆጣጠሪያው አዳራሽ ስለ ሆነ ሠራተኞቹ ሁሉ ደንዳኖች ናቸው። በዚያው ክፍለ ዘመን የላይደን ጨርቅ ሥራ ከሌላ አገር ሳይቀር በመጡ ሕፃናት ጉልበት ጭምር መካሄዱን ከሥዕሎቹ ማንም አይረዳም።

በ2016 የፈረንሳይና የኔዘርላንድ መንግሥታት ሬምብራንት በ1634 የሣላቸውን የማርተን ሶልማንስንና የኦፕየን ኮፒትን ምስሎች በ160 ሚሊዮን ዩሮ በጋራ ገዙ። የባልና የሚስቱ ስም በየጋዜጣው ወጣ። ዳንቴሉን የሠሩት ሴቶች ምን ያህል ይከፈላቸው እንደ ነበር ተቺዎቹ አንድ ቀን ይጠይቁ።