ኩኪ ስለሚባለው ምልክት

በድረ ገጽ ላይ ስማችንንና የምስጢር ቃላችንን አንድ ጊዜ ጽፈን ከገባን በኋላ፥ ከገጽ ወደ ገጽ ስንሻገር ዳግመኛ የማንጠየቀው ስለ ምንድን ነው? ገጾቹን የሚልክልን ሰርቨር በአሠራሩ ዝንጉ ነውና፥ አንዱን ገጽ ከሰጠ በኋላ ተቀባዩ ማን እንደ ነበረ አያስታውስም። ይህን ጉድለት ለመሙላት የኔትስኬፕ ኩባንያ ባለሙያ የነበረው ሉ ሞንቱሊ፥ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1994 ዓ.ም. ኩኪን አበጀ። ስሙ የብስኩት ስም ነው፤ ነገሩ ግን 4 ሺሕ ባይት ያህል ብቻ የሚይዝ አጭር ጽሑፍ ነው።

ሰርቨሩ ኩኪውን ከገጹ ጋራ ይልከዋል፤ ብሮውዘሩም ተቀብሎ ያኖረውና ሌላ ገጽ በጠየቀ ቍጥር መልሶ ያሳየዋል። በጥንቃቄ የተሠራ እንደ ሆነ፥ በውስጡ ያለው ማንም ሊገምተው የማይችል ረጅም ቍጥር ብቻ ነው፤ ስማችንና ሒሳባችን በሰርቨሩ መዝገብ ይቀራል። ይህም ዕቃውን ለጠባቂ ሰጥቶ ባለ ቍጥር ካርድ እንደ መቀበል ነው።

ነገር ግን ጠባቂው የሚያየው ካርዱን እንጂ ፊትን አይደለም። በኢንተርኔት ቤት ወይም በጎረቤት ኮምፒዩተር ደብዳቤውን አንብቦ ሳይወጣ የሚነሣ ሰው፥ ካርዱን በወንበሩ ላይ ትቶ ሄደ ማለት ነው፤ ተከትሎት የሚቀመጠው ሁሉ፥ ሕፃንም ቢሆን፥ በእርሱ ስም ሊያነብና ሊጽፍ ይችላል። መስኮቱን መዝጋት ብቻ አይበቃም፤ «ውጣ» የሚለውን መጫን ያስፈልጋል። «አስታውሰኝ» የሚለውንም በሰው ኮምፒዩተር ላይ ከቶ አትንኩ፤ የኩኪውን ዕድሜ ለሳምንታት ሊያራዝመው ይችላልና።