ሐፍረት የተባለችው ጓደኛ

የአውስትራሊያ ነባር ሕዝብ ነገር ሲነሣ በመካከላችን የሚባለው ዘወትር አንድ ዓይነት ነው፤ መሬታቸውን ተነጠቁ፣ ልጆቻቸውን ተቀሙ፣ ይባላል። ይህ ሁሉ እውነት ነው። ነገር ግን ከዚያው ሕዝብ የተወለደች አንዲት ወጣት ሴት ተቀምጣ ቀልድ ጻፈች ሲባል ብዙው አድማጭ ግንባሩን ይቋጥራል። ከጓደኞቻችንም አንዳንዶቹ «የተበደለ ሕዝብ ምን ያስቀዋል?» ብለውናል። እኛ በዚህ አንስማማም፤ የማንስማማበትንም ምክንያት ለአንባቢዎች ማስረዳት እንወዳለን።

ሥራው «ኪኪ እና ኪቲ» ይባላል። የአውስትራሊያ ብሔራዊ የሥርጭት ድርጅት ኤ.ቢ.ሲ. በ2017 (ዘመኑን ሁሉ የምንጽፈው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) ያቀረበው፣ በኢንተርኔት የሚታይ፣ ክፍሎቹ አጫጭር የሆኑ ተከታታይ ድራማ ነው። ደራሲዋ ናኪያ ሉዊ ስትሆን ትውልዷ ከጋሚላሮይና ከቶሬስ ሰርጥ ደሴቶች ሕዝብ ነው፤ ኪኪንም ሆና የምትጫወት እርሷው ናት። ኪኪ በነጮች መካከል የምትኖር፣ ሁሉን ለማስደሰት የምትደክም፣ «ጨዋ» የምትባል ጥቁር ሴት ናት። አንድ ሌሊት ጠጥታ ስትሰክር ኪቲ ከምትባል ሴት ጋር ትተዋወቃለች። ኢሌን ክሮምቢ የምትጫወታት ይህች ኪቲ ግርማዋ የሚያስደነግጥ፣ አፏን የማትቆጥብ፣ ያሰበችውን ሳትናገር የማታድር ሴት ናት። ማን ናት ቢባል፣ የኪኪ ሐፍረተ ሥጋ ሰው ሆና መጥታ ነው።

እዚህ ላይ የሚስቅም የሚያፍርም አንባቢ ይኖራል፤ ሁለቱንም አንቀየምም። ይሁን እንጂ ቃሉን እንመልከተው። ቋንቋችን ያንን የሰውነት ክፍል በጨዋ አነጋገር ሲጠራው «ሐፍረት» ይለዋል። ቃሉ ለወንዱም ለሴቲቱም ይነገራል፤ ሸክሙ በማን ትከሻ ላይ እንደ ወደቀ ግን በዚህ ግቢ ያለች ሴት ተማሪ ሁሉ ታውቀዋለች። ደራሲዋ ለአማርኛ አንባቢ አስባ የጻፈችው አይደለም። ሆኖም ሐፍረት የተባለችው ራሷ ወንበር ስባ ተቀምጣ «ስለ ምን ታፍሪብኛለሽ?» ብላ የምትሞግት ያህል ሆኖ ተሰምቶናል።

በአገሩ ደግሞ ይህ ቀልድ ከዚህም የከበደ ነው። በ1937 የፌዴራሉና የየክፍለ ሀገሩ ሹማምንት በካንቤራ ተሰብስበው፣ ደማቸው የተቀላቀለ የተባሉት ነባር ተወላጆች በነጩ ሕዝብ ውስጥ ተውጠው እንዲቀሩ ተስማሙ። በምዕራብ አውስትራሊያ የነባሮቹ ዋና «ጠባቂ» ተብሎ የተሾመው ኤ. ኦ. ኔቪል የዚህ አሳብ ትልቅ ተሟጋች ነበር፤ ጥቁርነቱ በጋብቻ ከትውልድ ወደ ትውልድ እየቀጠነ እንዲጠፋ ነበር ምኞቱ። እንዲህ ያለው ዕቅድ በማን ሰውነት ላይ ይፈጸማል? በሴቲቱ ነዋ! ማንን እንደምታገባ የሚፈቅድና የሚከለክል ሹም ነበረባት። ከእናቶቻቸው የተነጠቁ ልጃገረዶች በኒው ሳውዝ ዌልስ ኩታሙንድራ በነበረው ማሳደጊያ የቤት ሥራ እየተማሩ በነጮች ቤት አገልጋይ እንዲሆኑ ይላኩ ነበር። የጥቁሪቱ ማሕፀን የመንግሥት መዝገብ ሆኖ ነበር ብንል ማጋነን አይሆንም። ሹም ሲጽፍበት የኖረ አካል አፍ አውጥቶ ሲናገር፣ ያውም እየተሳደበና እየሳቀ ሲናገር፣ ነገሩን ተራ ባለጌነት ነው ብሎ ማለፍ ታሪኩን አለማወቅ ነው።

ፊልሙም ቢሆን ከሹሙ ብዙ አልራቀም። በ1955 በወጣው «ጄዳ» በተባለው ፊልም ዋናዎቹን ሁለት ሰዎች ነባር ተወላጆች ሲጫወቱ፣ ክልሱን ጆን ግን ፊቱን ቀለም የተቀባ ነጭ ተጫወተው። በ1972 «ቦኒ» የተባለውን ነባር ተወላጅ መርማሪ ፖሊስም የተጫወተው ከኒው ዚላንድ የመጣ ነጭ ተዋናይ ነው። በ1973 በጥቁሮቹ ቲያትር የተዘጋጀው «ቤሲካሊ ብላክ» በቴሌቪዥን ታየ፤ ናኪያ ሉዊ ከጸሐፊዎቹም ከተጫዋቾቹም አንዷ የሆነችበት «ብላክ ኮሜዲ» ደግሞ በ2014 ጀመረ። በመካከሉ ያለውን ዘመን አንባቢ ይቍጠረው።

ከሁሉ ይልቅ የወደድነው ኪቲ መልአክ አለመሆኗን ነው። ጥቁር ሰው በነጮች መካከል ሲቆም የሕዝቡ ሁሉ እንደራሴ ይደረጋል፤ እርሱ ቢሳሳት ዘሩ ተሳሳተ ይባላል። ሴት ስትሆን ፈተናው እጥፍ ነው። ስለዚህ ኪኪ ልብሷን፣ ድምፅዋን፣ ሣቋን እንኳ ስትለካ ትኖራለች። ኪቲ የምትሰጣት ነገር የመሞኘት፣ የመመኘትና የመሳሳት መብት ነው። ይህንን መብት በየትኛውም ሕገ መንግሥት ተጽፎ አላየነውም። ጉድለት የለበትም አንልም፤ በአንዳንድ ቦታ ጩኸቱ ቀልዱን ይበልጠዋል።

«ሣቅ የምርጫ ድምፅ አያስገኝም» የሚሉ አሉ። ኦክቶበር 14 ቀን 2023 ነባሮቹ በፓርላማ ዘንድ የሚሰማ አማካሪ ጉባኤ በሕገ መንግሥት እንዲቆምላቸው ሕዝበ ውሳኔ ሲደረግ ከመቶ 60 ያህሉ መራጭ «አይሁን» አለ። ያን ጊዜ ደጋፊዎቹ በትዕግሥትና በጨዋ ቋንቋ ነበር የለመኑት። ጨዋነቱስ ምን አስገኘ?

ወደ ራሳችን ስንመለስ፣ «ቀይ ናት» ማለት በአፋችን ምስጋና ሆኖ እስካለ ድረስ፣ ፊት የሚያነጣ ቅባትም በየሱቁ እስከ ተሸጠ ድረስ፣ ኪኪ የሩቅ አገር ሰው ብቻ ናት ማለት አንችልም። ስለ ሴት ሰውነት በዚህ መጽሔት እስከ ዛሬ የጻፍነው ወንዶቹ ነን፤ ይህችንም ጽሑፍ ጭምር። በእጇ የሚያስቅ ነገር የጻፈች እህታችን ካለች ወደ ማኅበሩ ጽሕፈት ቤት ትላክልን። ስሟ እንዲታወቅ ባትወድ በብዕር ስም ይወጣላታል፤ የማባዣው ቀለም እስኪያልቅ ድረስ ቦታ አለ።