አንድ ኪኒን በሁለት መስኮት

መሳለሚያ እህል በረንዳ ጆንያ የሚሸከም አንድ ጎረቤት አለኝ። ኩንታል ጤፍ ከመኪና ሲያወርድ ላየው ሰው ሕመምተኛ አይመስልም። ወደ ዐረብ አገር ለሥራ ለመሄድ በተመረመረ ጊዜ ግን ሄፓታይተስ ቢ የተባለው የጉበት ቫይረስ በደሙ ተገኘበት፤ ጉዞውም በዚያው ቀረ። በኋላ ጉበቱ መጎዳት መጀመሩ ስለ ታወቀ፣ ሐኪሙ ቴኖፎቪር የተባለውን ኪኒን በየቀኑ አንድ፣ ሳያቋርጥ፣ እንዲውጥ አዘዘለት። ሰሞኑን ስንገናኝ ኪኒኑን ቀን እየዘለለ እንደሚወስድ ነገረኝ። «ሸክም ባገኘሁ ሳምንት እገዛለሁ፤ ባጣሁ ሳምንት አቆጥባለሁ» አለኝ።

ክቡራን አንባብያን፣ ይህ ሰው ሰነፍ አይደለም፤ ሒሳቡን አሳምሮ ያውቃል። ያልተነገረው ነገር ቢኖር፣ ይህ መድኃኒት ሲቋረጥ ቫይረሱ እንደ ገና ሊነሣና ጉበቱን ከፊተኛው በባሰ ሁኔታ ሊጎዳው መቻሉ ነው። ቆጠባው ራሱ አደጋ ነው።

ከሁሉ የሚያስገርመው ግን ሌላ ነው። ይኸው ቴኖፎቪር ለኤች አይ ቪ ከሚሰጡት መድኃኒቶች አንዱ ነው። የኤች አይ ቪ መድኃኒት ደግሞ ካገራችን ሐኪም ቤቶች ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ በነፃ ይታደላል። ስለዚህ ሁለቱም ቫይረሶች ያሉበት ሰው ለጉበቱም ጭምር በነፃ ይታከማል፤ የጉበቱ ቫይረስ ብቻ ያለበት ግን አብዛኛውን ጊዜ ከኪሱ ይከፍላል። ባንዱ መስኮት የሚታደለው፣ በሌላው መስኮት ይሸጣል! የኤች አይ ቪ ሕመምተኞች በነፃ ማግኘታቸውን የሚነቅፍ ቢኖር ከእኛ ጋር አይቁም። ያ ውሳኔ ብዙ ወገን ከሞት ያተረፈ ነው። የኛ ጥያቄ፣ በዚያው መንገድ የጉበቱ ሕመምተኛ ለምን አያልፍም የሚል ነው።

መልሱ ይታወቃል፦ ለኤች አይ ቪ ከውጭ አገር ብዙ ገንዘብ መጣ፤ ለጉበት አልመጣም። ታዲያ የባዕድ ለጋስ ያላሰበውን በሽታ እኛም ሳናስበው እንቅር?

መድኃኒቱ ውድ ነው የሚል አይጠፋም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2016 ዓ.ም. ባወጣው ዘገባ፣ ቴኖፎቪር ለአንድ ወር በ2.40 ዶላር ሊገዛ እንደሚችል ገልጾአል። ነገር ግን ዘገባ ካቀረቡት 26 አገሮች በዚያ ዋጋ ወይም ከዚያ በታች የገዙት 7 ብቻ ናቸው። በጅምላ ያልተገዛ መድኃኒት በየእጁ ባለፈ ቁጥር ዋጋው ይጨምራል፤ በ2016 ዓ.ም. ሐምሌ የምንዛሪው ሥርዓት ተለውጦ ብር ከረከሰ ወዲህ ደግሞ ከውጭ የሚመጣ ሁሉ ምን እንደ ሆነ ለመርካቶ ሰው አይነገርም። ያው ዘገባ ኢትዮጵያን የሄፓታይተስ ሸክም ከበዛባቸው ዐሥር አገሮች አንዷ አድርጎ ቆጥሮአታል። በአፍሪካ ሄፓታይተስ ቢ ካለባቸው ሰዎች መድኃኒት ያገኙት ከሺህ ሁለት ያህል ብቻ እንደ ሆኑም ጽፎአል።

ባገራችን አይቻልም እንዳይባል፣ ከመሳለሚያ ብዙ ሳይርቅ በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል በ2007 ዓ.ም. ከኖርዌይ ሐኪሞች ጋር የሙከራ ሕክምና ተጀምሮ ነበር። ከተመዘገቡት ከ1,300 የሚበልጡ ሰዎች መድኃኒት የሚያስፈልጋቸው ከአራት አንድ ያህል ሆነው ተገኙ። የቀሩት ክትትል ይበቃቸው ነበር። ሞትም በይበልጥ የደረሰው ጉበታቸው ፈጽሞ ከደከመ በኋላ ዘግይተው በመጡት ላይ ነው። እንግዲህ ኪኒኑን ለሁሉ እናድል አላልንም፤ የሚያስፈልገው ሰው በጊዜ ታውቆ፣ ሳያቋርጥ ያግኝ ነው ያልነው።

በየሰፈሩ ዓይን ቢጫ ሲሆን የወፍ በሽታ ነው ይባላል፤ ቅጠል ይጨመቃል። እኛ የተማርነው በዚህ መሳቅ እንወዳለን። እናቲቱ ግን ቅጠሉን የምትጨምቀው መድኃኒት ቤቱ የጠየቃትን ገንዘብ ስላጣችም ሊሆን ይችላል።

ደግሞም ነገሩ የመሳለሚያ ብቻ አይምሰለን። የሄፓታይተስ ቢ ክትባት ለሕፃናት መስጠት የተጀመረው በ1999 ዓ.ም. ስለ ሆነ፣ ከዚያ በፊት የተወለድነው አብዛኞቻችን በሕፃንነታችን አላገኘነውም። በሽታው አብሮ ከትሪ በመብላት አይተላለፍም፤ ስለዚህ ጓደኛችሁን ከማዕድ አታርቁ። በምላጭ ግን ይተላለፋል፤ የመኝታ ቤት ልጆች ይህን ልብ በሉ! መርፌ መያዝ የጀመራችሁ የሕክምና ተማሪዎች ሦስቱን ክትባት ወስዳችኋልን?

ማኅበራችን ሁለት ነገር እንዲያደርግ እንጠይቃለን። የግቢው ክሊኒክ ለፈቃደኛ ተማሪ ሁሉ ምርመራና ክትባት እንዲሰጥ ከአስተዳደሩ ጋር ይነጋገር። እንዲሁም ቴኖፎቪር ለጉበት ሕመምተኞች ከኤች አይ ቪው ግዥ ጋር ባንድነት ተገዝቶ በነፃ እንዲሰጥ ለጤና ሚኒስቴር ማመልከቻ ያቅርብ። የፋርማሲና የሕክምና መምህራኖቻችን ረቂቁን ቢያርሙልን ደስ ይለናል፤ እኛ ስሜት እንጂ የግዥ ዕውቀት የለንም። ረቂቁ በማኅበሩ ጽሕፈት ቤት ጠረጴዛ ላይ ነው። እስከ ዓርብ ማታ ይፈረማል።