ኤታኖል ለመኪና ብቻ ነውን?

ከላሊበላ ወደ አሸተን ማርያም የሚያወጣውን አቀበት የምታውቁ ተማሪዎች፣ በላስታ ደጋ ማገዶ ምን ያህል እንደሚያደክም ልነግራችሁ አያስፈልግም። ጭራሮውንና ኩበቱን የሚሸከመው በአብዛኛው የእናቶችና የልጃገረዶች ጀርባ ነው፤ ጢሱም የሚገባው በእነርሱው ዓይንና ሳንባ ነው። ታዲያ ያለ ጢስ የሚነድ ፈሳሽ በገዛ አገራችን ሲመረት ወደዚህ ምድጃ ያልደረሰው ለምንድን ነው? በእኔ አስተያየት ምክንያቱ የመንገዱ ርቀት ብቻ ሳይሆን የገበያው አሠራር ጭምር ነው።

ፈሳሹ ኤታኖል ይባላል። በየቤቱ ከሚወጣው አረቄ ውስጥ የሚያሰክረው ነገር ያው ኤታኖል ነው፤ ለነዳጅ የሚሆነው ግን ውኃው እጅግ የተቀነሰለት ነው። የፊንጫና የመተሐራ ስኳር ፋብሪካዎች ከስኳር ተረፈ ምርት፣ ከሞላሰስ ያወጡት ነበር። በ2001 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ከመቶ 5 እጅ ኤታኖል ያለበት ቤንዚን መሸጥ ጀመረ፤ በ2003 ዓ.ም. ድርሻው 10 እጅ ሆነ። የመደባለቁን ሥራ በሱሉልታ የጀመረው ናይል ፔትሮሊየም ሲሆን፣ ሌሎች የነዳጅ ኩባንያዎች በኋላ ተጨመሩ።

ከዚያ አስቀድሞ ግን ጋያ ማኅበር የፊንጫን ኤታኖል እየገዛ፣ በጅጅጋ አቅራቢያ በቀብሪበያህ ለሚኖሩ ስደተኞች የኤታኖል ምድጃ አዳርሶ ነበር። ድብልቁ ከተጀመረ ወዲህ ለምድጃ የሚሆን ኤታኖል ማግኘት አስቸጋሪ ሆነ። ይህ ሊያስደንቀን አይገባም። ሻጮቹ ጥቂት የመንግሥት ፋብሪካዎች፣ ገዢዎቹም ማከማቻና ቦቴ ያላቸው ጥቂት ኩባንያዎች ሲሆኑ፣ ጀሪካን ይዛ የምትመጣ እናት በድርድሩ ቦታ የላትም።

በእርግጥ ድብልቁ የውጭ ምንዛሪ ያድናል የሚሉ ወገኖች ክርክራቸው ከንቱ አይደለም፤ ቤንዚን የምንገዛው በዶላር ነውና። ነገር ግን ለመኪና የሚስማማ ዋጋ ለወጥ ቤት አይስማማም። አንድ ሊትር ኤታኖል የሚሰጠው ሙቀት የአንድ ሊትር ላምባን ሦስት አምስተኛ ያህል ነው። ስለዚህ ላምባው 50 ብር ቢሆን፣ ኤታኖሉ ከ30 ብር ካለፈ በሙቀቱ ሲሰላ ይወደዳል ማለት ነው። (ሒሳቡን ራሳችሁ አስሉት።) ከፊንጫ እስከ ላሊበላ የሚከፈለው የማጓጓዣ ኪራይ ሲጨመርበትማ ማን ይደፍረዋል?

ዋጋን በመንግሥት መወሰንም ብቻውን አይበቃም። ብራዚል በ1975 እ.ኤ.አ. ሰፊ የኤታኖል ዕቅድ አወጣች፤ ዋጋውንም መንግሥት ይወስን ነበር። ይሁን እንጂ በ1989 እ.ኤ.አ. ስኳር በዓለም ገበያ ሲወደድ፣ የፋብሪካ ባለቤቶች ሸንኮራቸውን ወደ ስኳር አዞሩት። በኤታኖል ብቻ የሚሄድ መኪና የገዙ ሰዎችም ነዳጅ አጥተው ተሰለፉ። ዋጋው በመንግሥት ተወስኖ ነበር፤ ነዳጁ ለገዢው እንዲደርስ ግን ያ ብቻውን አልበቃም።

ስለዚህ ወደፊት ኤታኖል ሲከፋፈል ከሚመረተው ላይ የተወሰነ ሊትር ለምድጃ አስቀድሞ ይለይ፤ ማንም ኩባንያ አይንካው። የማጓጓዣው ወጪም እንደ ላስታ ባለ ሩቅ አገር ገዢ ላይ ብቻ አይጫን፤ በመላው ሽያጭ ላይ ይከፋፈል። ለየትኛው ኩባንያ ስንት ሊትር፣ ለየትኛው ወረዳ ስንት ሊትር እንደ ደረሰም ከነዳጅ ዋጋው ጋር በየወሩ ለሕዝብ ይነገር።